የቆጡን ለማውረድ

«የቆጡን አወርድ ብላ፣ የብብቷን ጣለች»፤
ሃያ ሁለት ዓመት ይህች ተረት ቤቴ ኖረች።
አማቴ ጀመረች፣ ባሌ ተቀበላት፣
ልጄም ፊደል ሳትቆጥር በቃሏ ያዘቻት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣
ግድግዳው የጣሊያን፣ ቆርቆሮው የትናንት፣ ሁሉም ተቀጣጥሎ፣
ከአንድ ክፍሌ በላይ አንድ ቆጥ አለችኝ፣
ጨርቄን ታቅፋልኝ ጉልበቴን የበላችኝ።
እዚያ ነው ገበርዲን፣ እዚያ ነው ፖሊስተር፣
ባለቤቱ ያልመጣ የሙሽራ ሱፍ ጭምር።

ነገሥታቱ ግንቡን ሲያንጹ ደረጃውን አልረሱም፤
የኔን ቤት የሠራው ሰው ግን፣ ቆጡን እንጂ መውጫውን አላሰበም።
ስወጣስ በምን ነው? ጠረጴዛ አቁሜ፣
ከጠረጴዛው ወንበር፣ ከወንበሩ በላይ «ማርያም ማርያም» ብዬ ቆሜ።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ፣ ነጭ ሳቲን በብብቴ፣
አንድ እጄ ከቆጡ፣ አንድ እግሬ ከእምነቴ፣
ሳቲኑ ሾለከ፤ ወረደ ተዘርግቶ፣
ፍም የጎረሰው ካውያ ጠበቀው አፉን ከፍቶ።
የሰው ሠርግ ነበር። ከፈልኩ።
ባሌ ጌጡ ተረተ።
እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ቅዳሜ ገበያ የባሕር ዛፍ መሰላል፣
«ለጣራም፣ ለዛፍም፣ ለሁሉም ይሆናል»
አለኝ ሻጩ። አንዱን እርከን ረገጥኩት፤ ሲጢጥ ብሎ አማረረኝ፣
ሚስማሩና እንጨቱ ገና እንዳልተዋወቁ ነገረኝ።
ፒያሳ ሱቅ ገባሁ፤ አሉሚንየም አለ፣
የሚታጠፍ፣ የሚዘረጋ፣ እንደ አንበጣ እግር የቀለለ።
ዋጋውን ነገረኝ በለሰለሰ አፍ፤
«እንግዲህ እሱም ይታጠፍ» አልኩት፣ «እኔም በዚሁ ልታጠፍ።»

ከአውቶ ፓርኩ ጀርባ አዛናው በያጁ፣
መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ዝገት የጠገበ እጁ፣
መጣና አየና፣ «ቀጥ ብሎ ይቁም» አለ፣ «ቦታ እንዳይፈጅብሽ።»
«ስወጣስ እሺ፤ ስወርድ ግን ጀርባዬን ሰጥቼ፣
ብብቴን ሞልቼ?
ጉርድ ቀሚስም እኮ ከታች ሰፋ ሲል ነው የሚያራምደው።»
በስፌት ሜትሬ ለካሁ፦ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሰባ፣
እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ፣
እርከኑ ዘንግ አይሁን፣ ጠፍጣፋ ይሁን፤
ክብ ብረት የእግር መዳፍ ይበላል።

ከቆጡ ሥር ያለው ኮርኒስ የድሮ አቡጀዲ ነው፣
ኖራ ያደረቀው፣ ዝናብ ካርታ የሣለበት።
አዛናው መጋዙን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት።
«ሳንቃውን አንተ ክፈት፤ ጨርቅ ግን የኔ ነው።»
በመቀሴ ቀደድኩት፤
አቧራ ወረደ፣ የአይጥ ጎጆ፣ የጋዜጣ ፍርፋሪ፣
አንድ ቁልፍም ወደቀ፣ የበር ሳይሆን የኮት።
ጠርዙን አጥፌ ዘመዘምኩት።
ቀዳዳም ቢሆን ዝምዝማት ይገባዋል።

ከዚያ መብራት ሄደ፣ ብየዳው ግማሽ ላይ፤
ሁለት ቀን መሰላሉ ደጅ ተጋድሞ የሰፈር ልጆች ባቡር አደረጉት።
በሦስተኛው ቀን ቆመ። አራት ብሎን ከታች፣ ሁለት ከወራጁ፤
አዛናው ተንጠለጠለበት፣ ዘለለበት፣ ሒሳቡን ተቀበለ።

መጀመሪያ የወጣው ጌጡ ነው።
«ለመሞከር ነው» አለ። ግማሽ ሰዓት ቆየ።
እያንጎራጎረ ሲወርድ፣ የራሱን አሮጌ ሬዲዮ ታቅፎ፣
የእጅ ባትሪው ከብብቱ አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።
አማቴ ቀና አለች። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች።
እኔ አልተረትኩም።
ብርጭቆውን ጠረግኩ፣ ክዳኑን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ሰጠሁት።

ሲተኙ እኔ ወጣሁ። በዝግታ። በባዶ እግሬ።
የሙሽራውን ሱፍ ይዤ ወረድኩ፣ አራገፍኩት፣
ብል አንድ እጅጌ ብቻ ነው የበላው፤ ይጠገናል።
እና ያቺ የተረቱ ሴት ትዝ አለችኝ፤
ስሟን የጠየቀ የለ፣ ከቆጡ ምን እንደፈለገች የጠየቀ የለ፣
ቤቷ መሰላል ነበረው ወይ ያለ የለ።
ብትመጣ ይህን እነግራታለሁ፦
ሁለት ሜትር ከሰባ፣ እህቴ፤
እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ።